ቢጫ ነበልባል

አርድ ኤል ሊዋ፣ ካይሮ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ ቀለመወርቅ፤

እንደምን ከረሙልኝ? የደሴ ብርድ ከጉልበትዎ ጋር እንዴት ሆነ? እኔና እማዬ ደህና ነን። እማዬ አሁንም ሄሊዮፖሊስ እዚያው መዳም ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ ስትመጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ «ከጋሼ ወሬ አለ?» ብላ ነው።

መልሴን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳልደውል «በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋል፤ ጻፊልኝ» ብለው ከልክለውኛል። ልጻፍ ስል ደግሞ ለጥያቄዎ የማያሳፍር መልስ እስካገኝ ቆየሁ። ክፍሉን ተረክበሻል ወይስ ፈርተሻል ብለው ነበር። ተረክቤያለሁ። ፈርቻለሁም።

የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ትምህርት ቤት ዛሬም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኝታ ቤቶቹ መማሪያ ክፍል፣ ሳሎኑ ቢሮ፣ ወጥ ቤቱ ላቦራቶሪ። በሩ ላይ በቀይ የጻፉት «ላቦራቶሪ» የሚለው ቃል ነጭ ቀለም ተቀብቶበታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት ግን ከሥር ብቅ ይላል። እርስዎ ወደ አገር ከተመለሱ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት ሳይንስ ከመጽሐፍ ብቻ ነበር የሚነበበው። መስከረም ላይ ቁም ሣጥኑን ስከፍት የአልኮል መብራቱንም ብልቃጦቹንም በአሮጌ ጋዜጣ እንደጠቀለሏቸው አገኘኋቸው። አንዱን ፈታሁና መልሼ ጠቀለልኩት። የእርስዎን አጠቃለል ማፍረስ ከበደኝ።

የመጀመሪያውን ትምህርት እርስዎ እንደጀመሩት በማንቆርቆሪያ ጀመርኩ። ያስታውሱታል? የፈላ ማንቆርቆሪያ አምጥተው ጠረጴዛው መሀል አስቀመጡ፤ እጀታውን ወደ ግድግዳ አድርገው። «አደጋ አለው?» አሉን። «አለው!» አልን። «ስጋቱስ ብዙ ነው?» አሉን። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳቡት፤ እጀታውን ወደ መተላለፊያው አዞሩት። «ውሃው ተለወጠ?» «አልተለወጠም!» «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ያኔ እኔ ነበርኩ እጄን ያወጣሁት። «እኛ በዚያ በኩል እንሮጣለን» አልኩ። እርስዎ ከኪስዎ ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ግን ከረሜላ ስለጨረስኩ ለልጆቹ አጨበጨብኩላቸው።

ቀጥዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ነገር ፈልጎ፣ ምን ያህል እንደሚያሰጋና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጽፎ ይመጣል። ሁሉም በደስታ ነው የተነሡት፤ በተለይ የአቶ ሲሳይ ልጅ ብርቅነሽ። እርስዎ ሲሄዱ ገና ፊደል የምትቆጥር የነበረችው ናት፤ አሁን እኔን ታርመኛለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ፣ የትኛውን ሙከራ እናድርግ የትኛውን እንተው ብለው የሚወስኑት በምን ነበር?

ወጥ ቤትዎን የተረከበች ልጅዎ፣
ጽዮን

*

ደሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽዮን፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ሴት ሌላ ዕቃ ስላላት ቸኩላ ነበር፤ እኔ ግን በር ላይ አቁሜ ስለ አርድ ኤል ሊዋ ስጠይቃት ብዙ አቆየኋት። ዝናብ ሲጥል መንገዱ አሁንም ኩሬ ይሆናል ወይ? የጋዝ ሻጩ አሁንም ሲሊንደሩን በመፍቻ እየደበደበ ያልፋል ወይ? «አዎ፣ ሁሉም እንዳለ ነው፤ ቱክቱክ የሚሉት ባጃጅ ብቻ ጨምሯል» አለችኝ። ካይሮ ሳለሁ በነሐሴ ሙቀት ደረቴን ገልጬ የደሴን ጉም እመኝ ነበር። አሁን ጉሙ መስኮቴ ድረስ መጥቷል፣ እኔ ደግሞ ያንን የመፍቻ ድምፅ እናፍቃለሁ። እህቴ «ያምሃል እንዴ?» ትለኛለች።

ለጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው። ክብሪት ከመጫሬ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። ምን ሊጎዳ ይችላል? ማንን? ምን ያህል ቅርብ ነው? እኛስ ምን አድርገናል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣሁ ሙከራውን በሥዕል አሳያችኋለሁ። መልስ ካለኝ ግን በፍርሃት ብቻ አልተውም። እሳት አይቶ የማያውቅ ልጅ እሳት ሲገጥመው የሚያደርገው አይገባውም።

ስለ ቤት ሥራው ግን ልቤ ትንሽ ሰጋ፤ ደብዳቤዬ ምናልባት ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል። እኔም ያንን ሥራ እሠራ ነበር፤ ለልጆች ግን ሰጥቼ አላውቅም። ብርድ ሊገባ ሲል በየተማሪዎቼ ቤት ሻይ ልጠጣ እሄድ ነበር፤ ሳልቀመጥ «እጄን ልታጠብ» እላለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሰኻኑን፣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያውን፣ አያለሁ። የማሞቂያው እሳት ሰማያዊ ነው ወይስ ቢጫ? የጭስ ማውጫ ቱቦው ወደ ውጭ ይወጣል ወይስ ግድግዳው ጋ ቆሟል? መስኮቱ ይከፈታል? የላላ ቱቦ ካገኘሁ በእጄ አጠብቃለሁ። ካልቻልኩ ቆይቼ፣ እንደ ዋዛ፣ ለአባትየው ብቻ በጆሮው እነግራለሁ። በዚያ ከተማ በየክረምቱ መታጠቢያ ቤት ገብተው ያልወጡ ሰዎችን ቀብሬያለሁ፤ ከቢጫ እሳት የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ያለ አገሩ የሚኖር ሰው ግን ቤቱን ሲነቅፉበት ያመዋል። ለዚህ ነው በሳሙና ሰበብ የምገባው።

እናትሽን ወይዘሮ ከፍያለችን ሳሚልኝ።

ጉም የሸፈነው መምህርሽ፣
ቀለመወርቅ

*

አርድ ኤል ሊዋ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ቀለመወርቅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ እጅ መታጠቡ ስደርስ ሳቋ መጣ። «እኔ'ኮ ንጹሕ ሰው ነው ብዬ፣ እሱ የሚመጣ ሰሞን ጥሩ ሳሙና አወጣ ነበር!» አለች። ስቃ ስትጨርስ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የእኛን ቱቦ በእጇ ስትነካ ሰማኋት። በእርስዎ ሽቦ እንደታሰረ ነው።

ጋሼ፣ ብቆጣ አይቀየሙኝ። ያን ሁሉ ዓመት የስንቱን ቤት ሲጠብቁ ኖረው ለማንም አልነገሩም። እርስዎ ሲሄዱ ዐይንዎም አብሮ ሄደ። ሦስት ክረምት ማንም ሳያይ አለፈ። እኔ ራሴ አላየሁም፤ ለማየት ማን ነግሮኝ?

ስለ ቤት ሥራው የሰጉት ደርሷል። አልጽፍልዎትም ብዬ ነበር። ብርቅነሽ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ በክፍል ያነበብነውን ይዛ፣ የቤታቸው ሰኻን እሳቱ ቢጫ መሆኑን፣ ቱቦው ወደ ውጭ እንደማይወጣ፣ መስኮቱም ለብርዱ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ጽፋ መጣች። እኔም «ጎበዝ፣ ለአባትሽ አሳዪው» አልኳት። በማግስቱ አቶ ሲሳይ መጣ። ሁልጊዜ «ጽዮንዬ» ነበር የሚለኝ።

«ቲቸር» አለኝ። «ልጄ ገላዋን አልታጠብም ብላለች። ለምን ስላት ቲቸር ነግራኛለች አለችኝ።»

«አትታጠቢ አላልኳትም ጋሽ ሲሳይ። ለአባትሽ አሳዪው ነው ያልኳት።»

«አሳየችኝ። እንግዶች ተቀምጠው ሳለ። ‹አባዬ፣ እዚህ ቤት ሰው ሊሞት ይችላል› አለችኝ። እኔ የሱዳንን በረሃ ተሻግሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ይህችን ልጅ በዚያ ቤት ነው ያሳደግኳት። አንቺ የቤቴን በር እንድትፈራ አደረግሻት።»

«ግን ሰኻኑ...»

«ኸላስ፣ በቃ!» አለኝ።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ መሆኑን ያውቃሉ። በስብሰባው ማንም አልጮኸም፤ ያሳዘነኝም ይኸው ነው። እሳትም፣ ኬሚካልም፣ የቤት ምርመራም ይቅር ተባለ። የአልኮል መብራቱን መልሼ በጋዜጣ ጠቀለልኩት። አጠቃለሌ የእርስዎን አይመስልም።

ጋሼ፣ ያስተማሩን ለመፍራት አልነበረም። እኔ ምኑን አበላሸሁት?

ጽዮን

*

ደሴ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽዮን፤

መጪው ልደት የሰላም ይሁንልሽ። ቁጣሽን ተቀብያለሁ፤ እውነትሽን ነው። ሰውን ላለማሳፈር ስል ብቻዬን ያወቅኩትን ብቻዬን ይዤው ሄድኩ። እንግዳ ሆኜ የምገባበት ጊዜ የማያልቅ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ቢያዩ ይሻል ነበር የምትይው ልክ ነው፤ የእኔም ጥንቃቄ ልክ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ያንቺ ዕዳ ሆነብሽ።

አሁን ስለ ሲሳይ ልንገርሽ። እኔና እሱ ድሮ ማር ጊርጊስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በሜትሮ አብረን እየሄድን እናስቀድስ ነበር። ስንመለስ ባቡሩ ላይ መዘመሩን አያቋርጥም፤ ተሳፋሪው ዞር ዞር እያለ ያየናል፣ እሱ ግድ የለውም። ብርቅነሽ በተወለደች ዓመት ግን የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ነበርና ለቤቱ ባለቤት አመለከተ። ባለቤቱ «ካልተመቸህ ውጣ» አለው። እኔ ያገኘሁት መንገድ ዳር ነው፤ ሚስቱ አራስ፣ ፍራሹ ቱክቱክ ላይ፣ እሱ ሕፃኗን በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ። ከዚያ ቀን በኋላ ባቡር ላይ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም።

እና አየሽ፣ ሲሳይ አልመዘነም ማለት አይደለም። በአንድ በኩል ሰኻኑን፣ በሌላ በኩል መንገድ ዳሩን አስቀምጦ ነው የመዘነው። ያንቺ ልጆች ወረቀት ላይ «ከቤት መባረር» የሚለውን አደጋ የጻፈ አለ? ያንን ካልጻፋችሁ ምዘናው ጎደሎ ነው።

በትምህርት ቤቱ በኩል አትሂጂበት። ቤቱ ሂጂ። ጥፋቱን ልትነግሪው ሳይሆን የሚፈራውን ልትጠይቂው። ከመለሰልሽ ግማሹን ሥራ ሠርተሻል።

ለወይዘሮ ከፍያለች፣ ሳሙናው በጣም ጥሩ ሽታ እንደነበረው ንገሪያት። መጥቼ ስሄድ አንድ ሳምንት እጄ ላይ ይቆይ ነበር።

ከርቀት የሚያይሽ፣
ቀለመወርቅ

*

አርድ ኤል ሊዋ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ቀለመወርቅ፤

እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። ልጆቹም ደህና ናቸው። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል። አቶ ሲሳይ ቤት እንዳሉኝ ሄጄ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልዎታለሁ። አሁን ሰው ሊሄድ ስለሆነ ቸኩዬ ነው።

ደህና ይሁኑልኝ።
ጽዮን

*

ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው የኖርኩት፤ ልጅ መልሱን ሲያውቀውና መጻፍ ሲፈራ እጅ ጽሕፈቱ ይነግረኛል። በስድስት መስመር ውስጥ ስንት ጊዜ ደህና ነን አልሽኝ?

ማን እንደሆነ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪኝ። በሕይወት ካለ ወይም ካለች፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊው። ሌላውን ቀስ ብዬ አነበዋለሁ። እህቴ ደብዳቤውን ከእጄ ልትቀማኝ ፈልጋለች፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቀለመወርቅ

*

አርድ ኤል ሊዋ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ብርቅነሽ ናት። በሕይወት አለች፤ ድናለች፤ ትናንት ክፍል ውስጥ አርማኛለች።

ይህን ያህል ስላስጨነቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ገና ሆስፒታል ነበረች፤ እስክትወጣ ድረስ ስሟን መጻፍ አልቻልኩም።

ከልደት በኋላ ባለው ሳምንት ሲሳይ ቤት ሄድኩ። እንዳሉኝ ስለ ሰኻኑ አላነሣሁም። ሻይ ቀረበልኝ፤ ስለ ብርዱ ተጫወትን። መታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ግን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፤ መተላለፊያውን ዘግታ፣ ያለ ቦታዋ። ሳያት አየኝ።

«የእኔ ናት» አለ። «ብርቄ ስትታጠብ እዚያ እቀመጣለሁ። ‹ብርቄ› እላታለሁ፣ ‹አቤት› ትለኛለች። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እጠራታለሁ። እንደዚያ ካልሆነ አልገባም አለች።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሽ ሲሳይ?»

«ትምህርት ቤት መጥቼ ከተቆጣሁሽ ቀን ጀምሮ» አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ። «ምን ላድርግ? ለባለቤቱ ብነግረው ውጣ ይለኛል። ግድግዳውን ራሴ ብበሳው ቤቴን አፈረስክ ይለኛል። ያለኝ ጆሮዬ ነው።»

ጋሼ፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ግድ የለሽ አባት መስሎኝ ነበር። የሚፈራውን ጠየቅኩት፤ እርስዎ የነገሩኝን ጃኬት ውስጥ የታቀፈችውን ሕፃን ሳይቀር ራሱ ነገረኝ። ሰዒድ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ እንዳለ፣ እዚሁ ካይሮ ከኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የተወለደ፣ ከግብፃውያን የቤት ባለቤቶች ጋር መነጋገር የሚችል ሰው እንደሆነ ነገርኩት። እዚህ በዐረብኛ ሰባክ ነው የምንለውና፣ «ሰባክ ይዤልህ ልምጣ» ስለው «ሰባኪ አያስፈልገኝም፣ ኃጢአቴን አውቀዋለሁ!» አለኝ። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ «ጽዮንዬ» አለኝ። ከጥምቀት በኋላ ይምጣ ተባባልን፤ እስከዚያ ፕላስቲኩን ከመስኮቱ አንሥተው ጎረቤት ቤት ወይም በድስት በሞቀ ውሃ እንዲታጠቡ ተስማማን።

የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ኦልድ ካይሮ ሊሄዱ ነበር። ነጭ ልብሳቸው ተተኩሶ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ድስቱን ለበዓሉ ወጥ ይዘውታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ለዛሬ ብቻ ብለው፣ መስኮቱን እንደዘጉ ሰኻኑን ለኮሱት። ሲሳይ ወንበሩ ላይ ነበር። «ብርቄ» አላት፤ «አቤት» አለችው። ቆይቶ ጠራት፤ «አቤት» አለች፣ ድምፅዋ ግን የተኛ ሰው ድምፅ መሰለው። ሦስተኛ ሲጠራት ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው።

በሩን በትከሻው ሰበረው። ያደረገውን ሁሉ እሱ ራሱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነገረኝ። ትንፋሹን ይዞ ገባ፣ ጎትቶ አወጣት፣ ሚስቱ ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ። ታቅፏት በቱክቱክ ሆስፒታል እንደደረሰ ሐኪሙ «ምን ሆነች? ወደቀች? ምን በላች?» እያለ ሲጠይቀው፣ «ሰኻን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት። በኋላ ሐኪሙ «ይህን ከየት አወቅክ?» ቢለው፣ «ልጄ ከቲቸርዋ ተምራ ነገረችኝ። ተቆጥቼ ነበር፤ ሰምቼ ግን ነበር» አለው።

እኔ ስደርስ ጭንብሉ አፏ ላይ ነበር። ዐይኗን ገልጣ አየችኝና እጄን ያዘችኝ። ስትናገር ያለችው፣ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፤ ሳሙና የገባብኝ መሰለኝ» ነው። ራስ ምታት ምልክቱ መሆኑን አላስተማርኳቸውም ነበር። አሁን አስተምራለሁ።

እማዬ ከመዳም አስፈቅዳ መጥታ ከሚስቱ ጋር አብራ አደረች። እኔ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ያቺ ወንበር ባትኖር ምን ይሆን እንደነበር እስካሁን አስባለሁ። እኔ የጻፍኩት ምዘና ውስጥ አባት በር ላይ ይቀመጣል የሚል አልነበረም።

ልጅዎ፣
ጽዮን

*

ደሴ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽዮን፤

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩና ደብዳቤውን አጥፌ ውጭ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ ቆሜ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ከዚያ ገብቼ የቀረውን ለእህቴ አነበብኩላት። «ይህ ሲሳይ የምትለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ። ባቡር ላይ የሚዘምር ሰው ነው አልኳት።

በድስት አሙቁ፣ ሰኻኑን ተዉ ብለሻቸው ነበር። የሰው ልጅ «ለዛሬ ብቻ» ይላል፤ ያን ቀን እኔም ብሆን ልል እችላለሁ። ይህን አስቢና ራስሽን ልቀቂ። ምክር ሰምቶ የሚደክም ሰው እንዳለ አውቀን ነው ቱቦ የምንገጥመው።

ሰዒድ መጣ ወይ? የቤቱ ባለቤትስ ምን አለ? ኮሚቴውስ? እጅሽን አፍታቺና ሰፋ አድርገሽ ጻፊልኝ፤ በዚህ ሰሞን ዝናብ ስለሆነ የትም አልወጣም። ለሲሳይ ከእኔ ምንም መልእክት አታድርሺ። ሰላም ብቻ በይው።

ቀለመወርቅ

*

አርድ ኤል ሊዋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ ቀለመወርቅ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ! ዝናቡ ጉልበትዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እማዬ ጥሩ ሳሙና በዚህች ሴት እጅ ልካለች፤ ለሽታው ነው ብላለች።

ሰዒድ መጥቷል። ባለቤቱ ዘንድ የሄደው እሱ ነው። ሲሳይ ሻንጣውን ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር። ሰዒድ ግን ስለ ጥፋት አላወራም፤ «ሐጅ፣ ሕንፃህ ውስጥ ልጅ ልትሞት ነበር፤ አላህ አንተንም እሷንም ጠበቃችሁ» አለው። ሽማግሌው ደነገጠ። ለካ የራሱ የልጅ ልጆች ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ የእነሱም ሰኻን እንደዚያው ነው። «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞህ» እያለ ሲሳይን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ግድግዳው ይበሳ አለ። አሁን ቱቦው ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሳቱም ሰማያዊ ነው።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሲሳይ ተነሣ። ሁላችንም ረጅም ንግግር ጠብቀን ነበር። «ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ይቀጥል። ግን እኔም ገብቼ እማራለሁ» አለና ተቀመጠ። ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

ቀልድ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ ቀድሞ መጥቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። የአልኮል መብራቱን ከጋዜጣው አወጣሁ። ሻማም አቀረብኩ። ልጆቹ ፀጉራቸውን አስረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ የውሃ ባልዲ አጠገባችን አስቀምጠን፣ ሁለቱም እሳት ላይ ነጭ ሳህን ያዝን። የሻማው ሳህን ጠቆረ፤ የአልኮሉ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ሲሳይ ከኋላ እጁን አወጣ። «ልጄን የመታት ይህ ጥቁሩ ነው?»

«አይደለም ጋሽ ሲሳይ። እሷን የመታት አይታይም። ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚመጡት እሳቱ አየር ሲያጥረው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። የሳህኑን ጥቁር በጣቱ ነክቶ ጣቱን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ልጆቹ በየተራ ክብሪት ጫሩ። ብርቅነሽ ተራዋ ሲደርስ ትፈራለች ብዬ ነበር፤ አልፈራችም፣ ግን ከመጫሯ በፊት ዞር ብላ መስኮቱ መከፈቱን አየች። ሁሉም ሲጨርሱ «አባዬም ይሞክር!» አለች። ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። ሲሳይ እያፈረ መጣ። ስንት ዓመት ክብሪት የጫረ ሰው ነው ጋሼ፤ ያን ቀን ግን አንዱን ሰበረው። ሁለተኛውን ወደ ደረቱ አድርጎ ሊጭር ሲል ብርቅነሽ እጁን ያዘች።

«አባዬ፣ ወደ ራስህ አይደለም። ወደ ውጭ።»

ክብሪቱን በጣቱ ላይ አስተካከለችለት። ጫረ። ነበልባሉ ብልጭ ሲል ሲሳይ ክብሪቱን ለመብራቱ ማቅረብ ረስቶ ልጁን ያያታል፤ እሷ ደግሞ እሳቱን። «አባዬ፣ ጣትህ!» አለችው። ነፋ አድርጎ አጠፋው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ሌላ ክብሪት ጠየቃት።

ወጥ ቤታችን ውስጥ ሆና የጻፈችልዎ፣
ጽዮን